ፍልስፍናው የአሰልጣኙ፣ ዕዳው የበረኛው

ባለፈው እሁድ ጅማ ላይ የታዳጊ ፕሮጀክት የምንይዝ አሰልጣኞች፣ ጥቂት ወላጆችና ኳስ ወዳድ የሰፈር ልጆች ተሰብስበን ነበር። እዚያ ያወራሁትን ያልመጡ ሰዎች ስለጠየቁኝ ጻፍኩት። ትንሽ አስተካክያለሁ፣ ብዙውን ግን ከአፌ እንደወጣ ትቼዋለሁ። የአውሮፓን ኳስ ሳወራ ቀኑም ዓመቱም በእነሱ አቆጣጠር ነው፣ የእኛን ሳወራ በእኛ።

እንደምን አረፈዳችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ደመናው እየከበደ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ከጀመረ ማንም ማንንም አይሰማም፣ ስለዚህ ቶሎ ልግባበት።

ርዕሱን ታውቁታላችሁ። አንዱ ትልቅ አሰልጣኝ "አጨዋወቴ ይህ ነው፣ ሞቼ እገኛለሁ" ይላል። ሌላው እንደ ተጋጣሚው፣ እንደ ተጫዋቹ፣ እንደ ሜዳው ይለዋወጣል። የቱ ይሻላል? በዚህ ጉዳይ ዲኤስቲቪ ቤት ስንት ማታ ተጨቃጭቀናል። ዛሬ ግን ከማድሪድም ከማንቸስተርም አልጀምርም። ከራሴ ሜዳ ልጀምር።

ሐምሌ 2015 ነው። ከ15 ዓመት በታች ልጆቼን ይዤ ከሌላ ሰፈር ቡድን ጋር ጨዋታ ነበረን። የጅማን ሐምሌ ታውቁታላችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ጠዋት ደግሞ ይቀጥላል። ከእኛ አንግል ፊት ለፊት፣ የፍጹም ቅጣት ምት መምቻው አካባቢ፣ ውሃ ቋጥሯል። እኔ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ ልጆቹን ያስተማርኩት ከኋላ ኳስ መሥርተው እንዲወጡ ነው። በረኛው ለመሀል ተከላካዩ፣ ተከላካዩ ለአማካዩ፣ በአጭር በአጭር። በበጋ ስናደርገው ያምር ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ያየን ነበር።

በረኛዬ 14 ዓመቱ ነው። የመጀመሪያዋን ኳስ እንዳስተማርኩት ለተከላካዩ ገፋት። ኳሷ ውሃው መሀል ደርሳ ቀጥ አለች። የእነሱ አጥቂ ሮጦ ደረሰባትና አገባት። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ያው። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። በዓይኑ እየጠየቀኝ ነበር። እኔ ከመስመሩ ላይ ሆኜ "ቀጥል! በአጭር!" አልኩት። ዕረፍት ላይ 3 ለ 0 ነበርን። እዚያም "እኛ ማን እንደሆንን አንቀይርም" አልኳቸው። 5 ለ 0 አለቀ።

ጨዋታው ሲያልቅ ልጁ ጓንቱን ሳያወልቅ አንግሉ ሥር ተቀምጧል። ፊቱ ጭቃ ነው፣ ጭቃውን እንባ ሰንጥቆታል። አባቱ ባጃጃቸውን ከዳር አቁመው ሙሉውን አይተዋል። መጡና ቀስ ብለው "አሰልጣኝ፣ ኳሷ ውሃው ላይ እንደምትቆም አላየሃትም እንዴ?" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አይቻታለሁ። ከእሳቸው በፊት ነው ያየሁት።

ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚያች ጥያቄ የመጣ ነው። አሰልጣኝ "ፍልስፍናዬን አልቀይርም" ሲል የሚከፍለው ማነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ትልልቆቹን አሰልጣኞች የማያቸው በዚህ ዓይን ነው።

ካርሎ አንቼሎቲን ዛሬ የምናውቀው በእርጋታውና ከፍ በምትለው ቅንድቡ ነው። በአሰልጣኝነት አምስት የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ ያነሳ ከእሱ ሌላ የለም፣ ሁለት ከሚላን፣ ሦስት ከሪያል ማድሪድ ጋር። በጣሊያን፣ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በስፔን ሊጉን በልቷል። "ከሁሉም ጋር የሚስማማ ሰው" ይሉታል። ሲጀምር ግን እንዲህ አልነበረም። ሚላን ውስጥ በአሪጎ ሳኪ ሥር ተጫውቷል፣ በ1994ቱ የዓለም ዋንጫም የሳኪ ረዳት ነበር። ሳኪ ያወረሰው 4-4-2፣ አራት ተከላካይ፣ አራት አማካይ፣ ሁለት አጥቂ፣ ለእሱ ሃይማኖት ማለት ነው። በ1996 ፓርማን ሲይዝ ያንኑ ይዞ ገባ። ጂያንፍራንኮ ዞላ ከአጥቂው ጀርባ መጫወት የሚወድ ባለ ተሰጥኦ ነው፣ በ4-4-2 ግን እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ወደ ግራ መስመር ተገፋ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ወደ ቼልሲ ሄደ፣ ለንደን ውስጥ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በ1997 ክረምት ደግሞ ሮቤርቶ ባጆ ወደ ፓርማ ሊመጣ ሲል አንቼሎቲ እንቢ አለ። እሱም ከአጥቂው ጀርባ መጫወት ይፈልጋልና!

እስቲ አስቡት። ባጆን! የ1993ን ባሎንዶር የወሰደ ሰው "አሰላለፌ ውስጥ ቦታ የለህም" ሲባል። ባጆ ወደ ቦሎኛ ሄደና በዚያ ዓመት በሴሪ አ 22 ጎል አገባ።

አንቼሎቲን የምወደው ከዚህ በኋላ ባደረገው ነው። ስህተቱን አልደበቀም፣ ራሱ በግልጽ ተናግሮታል። ዩቬንቱስ ሲገባ ዚዳን ጠበቀው፣ ይህን ሰው መስመር ላይ አስሮ ማስቀመጥ እንደማይቻል ገባውና አሰላለፉን ለዚዳን ብሎ ቀየረ። ሚላን ውስጥ ደግሞ አንድሬያ ፒርሎን አገኘ። ፒርሎ ወደፊት ተጠግቶ የሚጫወት አማካይ ነበር፣ እዚያ ቦታ ላይ ግን ሚላን ሩይ ኮስታ አለው፣ ቆየት ብሎ ሪቫልዶም መጣ። አንቼሎቲ ፒርሎን ወደ ኋላ ስቦ ከተከላካዮቹ ፊት አቆመው። ብሬሻ ላይ ካርሎ ማዞኔ ሞክሮት ነበር፣ ግን በሚላን ደረጃ ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል። በ2003 ኦልድ ትራፎርድ ላይ የቻምፒየንስ ሊጉን ዋንጫ አነሱ። ፒርሎ ከዚያ በኋላ ከዐሥር ዓመት በላይ በዚያች ቦታ ዓለምን አስተማረ።

ልዩነቱ ይታያችኋል? ፓርማ ላይ ጥያቄው "ይህ ልጅ የእኔ አሰላለፍ ውስጥ የት ይገባል?" ነበር። ሚላን ላይ "ይህ ልጅ ካለኝ አሰላለፌ ምን ይምሰል?" ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያንን ጥያቄ አልተወውም። በ2023 ቤንዜማ ሲሄድበት በቦታው ያመጡለት በውሰት የመጣውን ሆሴሉን ብቻ ነው። አላለቀሰም። አማካይ ሆኖ የመጣውን የ20 ዓመቱን ቤሊንግሃም ከሁለቱ አጥቂዎች ጀርባ ለቀቀው፣ ልጁ በሊጉ 19 ጎል አገባ። ያ ሆሴሉ ደግሞ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ማድሪድ በባየርን እየተመራ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ተቀይሮ ገብቶ ሁለት ጎል አስቆጠረ። በሰኔ መጀመሪያ ዌምብሌይ ላይ ዋንጫው የእነሱ ነበር።

አሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ። የቶተንሃም አሰልጣኝ የነበረውን አንጌ ፖስቴኮግሉን አከብረዋለሁ፣ ይህን ቀድሜ ልናገር። ጥቅምት 2023 ላይ ቶተንሃም በሊጉ ዐሥር ጨዋታ ሳይሸነፍ 26 ነጥብ ይዞ ነበር። ኅዳር 6፣ ሰኞ ማታ፣ ከቼልሲ። መርካቶ አካባቢ ዲኤስቲቪ ቤት ነበርኩ፣ በእኛ አምስት ሰዓት ላይ ነው የተጀመረው። ሮሜሮ በቀይ ወጣ። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ኡዶጊም በቀይ ወጣ። ዘጠኝ ሰው! እና የቶተንሃም ተከላካዮች የት እንደቆሙ ታስታውሳላችሁ? የሜዳው መሀል መስመር ላይ! ከኋላቸው ግማሽ ሜዳ ባዶ ነው፣ በረኛው ቪካሪዮ ብቻውን እየወጣ ይጠርጋል። ቤቱ በሙሉ ቆሞ ነበር የሚያየው። እኔም አጨበጨብኩ። እስከ 75ኛው ደቂቃ ድረስ 1 ለ 1 ያዙት። ከዚያ ኒኮላስ ጃክሰን ሐትሪክ ሠርቶ 4 ለ 1 አለቀ። ፖስቴኮግሉ ከጨዋታው በኋላ "እኛ ይህ ነን፣ አምስት ሰው ብንቀርም ያው ነው" የሚል ነገር ተናገረ።

"እኛ ይህ ነን።" ወደ ቤቴ ስሄድ ያቺን ቃል ከየት እንደማውቃት ትዝ አለኝ። ከአራት ወር በፊት ጭቃ ውስጥ ላሉ ልጆች ያልኩት ነው።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም፣ ከሁሉ የሚገርመኝም ይኼ ነው። በ2024/25 ቶተንሃም በሊጉ 22 ጊዜ ተሸንፎ 17ኛ ሆነ። ተከላካዮቹ ተራ በተራ ተጎድተው አለቁ። ነገር ግን ግንቦት 21 ቀን ቢልባኦ ላይ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ደረሰ፣ ተጋጣሚው ማንቸስተር ዩናይትድ። ቶተንሃም ያን ማታ ኳሱን የያዘው ከ30 በመቶ በታች ነው። ብሬናን ጆንሰን አንዷን ካገባ በኋላ ወደ ኋላ ተሰበሰቡ። ቫን ደ ቬን ከጎል መስመር ላይ ተንሳፍፎ አንድ ኳስ አወጣ። ፖስቴኮግሉ፣ ያ ዘጠኝ ሰው ይዞ መሀል ሜዳ የቆመው ሰው፣ ሌላ ተከላካይ ዳንሶን አስገብቶ በአምስት ዘጋ። 1 ለ 0። ቶተንሃም ከ2008 ወዲህ ያገኘው የመጀመሪያ ዋንጫ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢባረርም ያ ዋንጫ ግን ተመዝግቧል። ሰውየው መለወጥ ይችል ነበር ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይችል ነበር።

በዚያ ፍጻሜ የተሸነፈው ሩበን አሞሪም ደግሞ በ3-4-3 ስፖርቲንግን ሁለት ጊዜ የፖርቱጋል ሻምፒዮን አድርጓል። ያንኑ ይዞ ማንቸስተር ሲመጣ ለዚያ አሰላለፍ ያልተሰበሰቡ ልጆች ጠበቁት፣ ቡድኑ በዚያ ዓመት 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት "ጳጳሱም ቢመጡ አልቀይርም" አለ። ይህን ስሰማ ያዘንኩት ለእሱ አይደለም። አዲሱን ቦታ ላልለመደው፣ በየሳምንቱ 70 ሺህ ሰው ፊት ለሚሳሳተው ልጅ ነው።

እዚህ ጋ ሁልጊዜ አንድ ሰው ተነስቶ "ጋርዲዮላስ?" ይለኛል። ይኸው፣ እጅ ሲወጣም አየሁ። ጥሩ ነው። ጋርዲዮላ በ2016/17 የመጀመሪያ ዓመቱ በእንግሊዝ፣ ከማንቸስተር ሲቲ ጋር፣ ያለ ዋንጫ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ሁሉም "ይህ እዚህ አገር አይሠራም፣ ቀይር" አለው። አልቀየረም፣ በሚቀጥለው ዓመት በ100 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። "አያችሁ፣ መጽናት ነው" ትላላችሁ። ቆይ፣ በመሀል ምን አደረገ? በረኛ ቀየረ፣ ኤደርሰንን ገዛ። ዎከርን፣ ሜንዲንና ዳኒሎን ገዝቶ የመስመር ተከላካዮቹን በሙሉ አደሰ። አጨዋወቱን አልቀየረም፣ ሰውን ነው የቀየረው። ይህን ማድረግ የሚችለው ገንዘብ ያለው ነው። እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ኤደርሰንን መግዛት የሚችል አለ? እኛ ያለን ሰፈራችን የሰጠን ልጅ ነው። ልጁ ተረጋግቶ በአጭር ማቀበል ካልቻለ፣ ወይ አስተምሬ እጠብቀዋለሁ፣ ወይ በሚችለው አጫውተዋለሁ። ሦስተኛ መንገድ የለኝም።

ደግሞም ጋርዲዮላን ግትር የሚለው ሰው በደንብ አላየውም። ባርሴሎናን ይዞ ሜሲን በ2009 በሪያል ማድሪድ ሜዳ፣ በርናቤው ላይ፣ ከመስመር አውጥቶ መሀል ያደረገው፣ ያን ቀን 6 ለ 2 ያሸነፈው እሱ ነው። ባየርን ላይ ላምን ከመስመር ተከላካይነት ወደ አማካይነት አምጥቷል። ሲቲ ሦስቱን ዋንጫ በአንድ ዓመት ሲወስድ፣ በ2023፣ ከኋላ የተሰለፉት አራቱም በተፈጥሯቸው የመሀል ተከላካዮች ነበሩ። ከእነሱ አንዱን፣ ስቶንስን፣ ኳስ ሲይዙ ወደ አማካይ ያስገባው ነበር። ከዐሥር ዓመት በፊት ባርሴሎና ውስጥ ይህን ያደርጋል ብሎ ማን ይገምት ነበር?

መለዋወጥ ግን ሁልጊዜ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም። ጋርዲዮላ ራሱ በ2021 ፖርቶ ላይ በቻምፒየንስ ሊጉ ፍጻሜ ከቼልሲ ጋር ሲጫወት ሮድሪንም ፈርናንዲንሆንም ቤንች ላይ አስቀምጦ ጀመረ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከሁለቱ አንዱ ነበር ተከላካዮቹን የሚጠብቀው። ሃቨርትዝ አገባ፣ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ያልለመዱትን ነገር በትልቁ ቀን መጠየቅም ያው ዕዳ ነው። ያልተለማመዱትን መቀየር መለዋወጥ አይባልም፣ ቁማር ነው።

በትክክል ሲደረግ ማየት የፈለገ አርጀንቲናን ያስታውስ። አሰልጣኙ ስካሎኒ በ2022 ለዓለም ዋንጫ ኳታር የገባው 36 ጨዋታ ሳይሸነፍ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሳውዲ አረቢያ 2 ለ 1 ጣለችው። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን "36 ጨዋታ ያመጣን መንገድ ይህ ነው" ብሎ ችክ ይል ነበር። ስካሎኒ ማክ አሊስተርን አስገባ፣ ከዚያ ኤንዞ ፈርናንዴዝንና ሁሊያን አልቫሬዝን። ከኔዘርላንድስ ጋር ከኋላ አምስት አደረገ። ከክሮኤሺያ ጋር ፓሬዴስን ጨምሮ አማካዩን በአራት ሞላው። በፍጻሜው ደግሞ ዲ ማሪያን ወደ ግራ መስመር ወሰደው። ዲ ማሪያ ከዚያ ከግራ ፍጹም ቅጣት ምት አስገኘ፣ ሁለተኛውን ጎል አገባ፣ እስኪወጣ ድረስ ፈረንሳዮች መላ አላገኙለትም። ያልተቀየረው ምንድን ነው? ሜሲ ኳስ የሚያገኝበት ቦታ። ሌላው ሁሉ በዚያ ዙሪያ ይዞር ነበር።

አንድ የሚያስቆጨኝ ነገር አለ፣ እሱን ልናገርና ወደ አገራችን ልግባ። ቬንሳን ኮምፓኒ በርንሊን በ2022/23 በ101 ነጥብ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አሳደገ። ያንኑ ከኋላ መሥርቶ የመውጣት ኳስ ይዞ ገባ፣ በየሳምንቱ እዚያው ኋላ ኳስ እየተነጠቁ 19ኛ ሆነው ወረዱ። ከዚያስ? እሱ ወደ ባየርን ሙኒክ ሄደ፣ በመጀመሪያ ዓመቱም ሻምፒዮን ሆነ። ጎበዝ አሰልጣኝ ነው፣ አልክድም፣ በባየርን ልጆች ያ ኳስ ያምራል። ግን ተመልከቱ፣ አሰልጣኙ ሲወጣ በርንሊ ወርዷል። "ፍልስፍና አለው" መባል ለአሰልጣኝ ሥራ ያስገኛል። ለተጫዋቹ ምን ያስገኛል?

ወደ እኛ ልምጣ። እኛ አገር ይህ ክርክር ትኩስ ነው። ካሳዬ አራጌ ኢትዮጵያ ቡናን ሲይዝ ከበረኛው ጀምሮ በአጭር ቅብብል የሚወጣ ቡድን ሠራ። በ2013 ዓ.ም. ከፋሲል ከነማ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፣ አቡበከር ናስር 29 ጎል አገባ። ያን ኳስ ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። እኔ ራሴ ያንን አይቼ ነው ለልጆቼ ያስተማርኩት፣ ዛሬም እወደዋለሁ። ብሔራዊ ቡድናችንም በውበቱ አባተ ዘመን ኳሱን ይዞ ለመጫወት ሲደፍር ልባችን ሞልቷል፣ በሰኔ 2014 ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ እዚህ ከተማ ባጃጅ ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ነበር። ስለዚህ "በአጭር አትጫወቱ" የሚል ሰው አድርጋችሁ እንዳትወስዱኝ። የምለው ሌላ ነው።

የእኛው ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ሲበላ አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ መቀሌ 70 እንደርታ ሄደው እዚያም ዋንጫውን ወሰዱ። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቡድን፣ ሌሎች ልጆች፣ በተከታታይ ሁለት ዓመት። ስለ ሳኪና ስለ ክሮይፍ ብዙ እናነባለን፣ ጥሩ ነው። ግን ስንቶቻችን እዚሁ አጠገባችን ያለውን ሰው "እንዴት አደረጉት?" ብለን ጠይቀናል?

አጎቴ ቡና ያደርቃል። እሸቱን ለቅሞ የሽቦ አልጋው ላይ ያሰጣዋል፣ ቀኑን ሙሉ በእጁ ያገላብጠዋል። ፀሐይ ሲከር ይሸፍነዋል፣ ደመና ሲያይ ሮጦ ሸራ ያለብሰዋል፣ ሲገልጥ ሲሸፍን ይውላል። ጀንፈሉ በደንብ መድረቅ አለበት፣ በዚህ አይደራደርም። ግን ሰማዩ ምን እንዳለ ሳያይ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚያሰጣ የሚወስን ሰው አይደለም። አንድ ቀን "ሸራ የሚያለብስ ሰው ፍልስፍና የለውም" ብትሉት ምን እንደሚመልስላችሁ አላውቅም፣ ምናልባት ሥራውን ይቀጥላል።

እኔ ከዚያ ሐምሌ በኋላ ያደረግኩትን ነግሬያችሁ ልውረድ፣ ዝናቡም መጣ መሰለኝ።

መጀመሪያ ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ጓደኞቹ ፊት። ቀጥዬ "ሜዳው እንዲያ ሲሆን ኳሷን የት ብትሰጥ ደስ ይልሃል?" አልኩት። ሳያመነታ "ለረጅሙ፣ ግራ መስመር ላይ ላለው፣ በቴስታ ይደርስባታል" አለኝ። ያውቀው ነበር! ያን ቀንም ያውቀው ነበር፣ የጠየቀው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ሲዘንብ ልምምድ መሰረዝ ተውን። ጭቃ ውስጥ ገብተን ሁለቱንም እንለማመዳለን፣ በአጭር መውጣትንም፣ ወደ ግራ አርቆ መምታትንና የምትመለሰዋን ኳስ ተሻምቶ መያዝንም። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው እሱ ነው፣ ከሁላችንም ይልቅ ሳሩ የሚታየው ለእሱ ነውና።

ምልክታቸውን ራሳቸው ናቸው ያወጡት። ኳሷን ከመምታቱ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ "ደረቅ!" ካለ ተከላካዮቹ ወደ እሱ ቀርበው ይከፈታሉ። "ጭቃ!" ካለ ሁሉም ወደፊት ይሮጣል። አሁን ድምፁ ጎርንኗል። ቅዳሜ ጠዋት በሜዳው በኩል የሚያልፍ ሰው ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ይሰማዋል።